የቱ መድኃኒት ይሠራል? የዶሮና የከብት ሴንሲቲቪቲ ምርመራ በሰሜን ሸዋ ደጋ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከብት ወይም ዶሮ ሲታመም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ) ነው። የላሟ ግት ቢያብጥ ኦክሲ። በጉ ቢያስለው ኦክሲ። ጫጩቶቹን ቢያስቀምጣቸው በሚጠጡት ውኃ ላይ ኦክሲ። አንዳንዴ ይሠራል። ሳይሠራ ሲቀር ወደ ፔንስትሬፕ ይኬዳል፣ እሱም እንቢ ሲል ኢንሮፍሎክሳሲን ይገዛል፣ እስከዚያ ድረስ ግን የግቱ አንድ ክፍል ደርቋል፣ ብሩ አልቋል፣ ባክቴሪያውም መድኃኒት በመድኃኒት ላይ እየቀመሰ ተላምዷል።

ይህን ግምት የሚያስቀረው የሴንሲቲቪቲ ምርመራ፣ ማለትም የትኛው መድኃኒት ያንን ባክቴሪያ እንደሚያሸንፍ የሚያሳየው ምርመራ ነው። የጻፍኩት በተለይ ለወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ ለላብራቶሪ ቴክኒሻኖችና ለእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ነው። የናሙና አወሳሰዱን ግን አርቢዎችም አንብቡት፣ ምክንያቱም ብዙው ምርመራ የሚበላሸው እዚያው በረት ውስጥ ነው።

የምንጠቀመው ዘዴ ዲስክ ዲፊውዥን ይባላል። ባወር፣ ኪርቢና ባልደረቦቻቸው በ1966 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሲሆን እስከ ዛሬ አልተሻረም። ባክቴሪያውን አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት የረጋ ምግብ) ላይ ትቀባላችሁ፣ መድኃኒት የተነከረ ትንሽ የወረቀት ዲስክ ታስቀምጣላችሁ፣ መድኃኒቱ ወደ አጋሩ ይሰርጋል፣ ባክቴሪያው የማይችለው ከሆነ በዲስኩ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ይወጣል። ይኸው ነው። ከባዱ ነገር ቀለበቱን መለካቱ አይደለም። ቀለበቱን የምናነጻጽርበት ሰንጠረዥ የተሠራው በተወሰነ የአጋር ውፍረት፣ በተወሰነ የባክቴሪያ መጠንና በተወሰነ ሙቀት ነው። እናንተ ከዚያ ልክ ከወጣችሁ የምትለኩት ሚሊ ሜትር ባዶ ቁጥር ይሆናል።

መጀመሪያ፣ ምርመራው ያስፈልጋል ወይ?

ሴንሲቲቪቲ ለባክቴሪያ ብቻ ነው። ዶሮዎቹ በጥቂት ቀን ውስጥ ግቢውን ሙሉ ከረገፉ፣ አንገታቸው ከተጠማዘዘ፣ አረንጓዴ ካስቀመጣቸው ፈንግልን ጠርጥሩ። ፈንግል ቫይረስ ነው። ክትባት ይከላከለዋል እንጂ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካያችሁ ደግሞ ቅድሚያ ኮክሲዲያን (የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ) በማይክሮስኮፕ ፈልጉ። የዶሮ ማይኮፕላዝማ ባክቴሪያ ቢሆንም በዚህ አጋር ላይ ስለማይበቅል በዲስክ አይመረመርም።

አሁን የምለውን በደንብ ያዙት። ደህና ያደረ ከብት ወይም በግ በድንገት ከሞተና ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ደም ከፈሰሰ አባ ሰንጋ ነው ብላችሁ ያዙት። ሬሳውን አትክፈቱ። ሥጋውም ቆዳውም ለማንም እንዳይሰጥ አስከልክሉና ወዲያው ለወረዳው አሳውቁ። ያስወረደች ላም ወይም ፍየል የእንግዴ ልጅም እንዲሁ በተራ ጠረጴዛ ላይ የሚከፈት ናሙና አይደለም፤ ብሩሴላ ሊኖርበት ይችላል፣ ሰውንም ይይዛል። እንዲህ ያለውን በሦስት ሽፋን አሽጋችሁ፣ ቀድማችሁ ደውላችሁ፣ ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ላኩ።

ናሙና

አንድ ሕግ ከሁሉም ይቀድማል፦ ናሙናው የሚወሰደው መድኃኒት ሳይጀመር ነው። ትናንት ኦክሲ የተወጋች ላም ወተት ላይ ባክቴሪያው ላይበቅል ይችላል፣ ያ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

ለወተት፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ጓንት አድርጉ። ግቱ በጣም ካልቆሸሸ በስተቀር ውኃ አታፍስሱበት፣ እርጥብ ግት ላይ ያለው ቆሻሻ ተንጠባጥቦ ቱቦው ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ጭማቂ ወደ ሌላ ዕቃ አልባችሁ ጣሉ። ከዚያ በ70 በመቶ አልኮል የተነከረ ጥጥ ይዛችሁ የጡቶቹን ጫፍ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ጥረጉ። ስትጠርጉ ከእናንተ ራቅ ካሉት ጡቶች ጀምሩ፣ ናሙና ስትወስዱ ግን ቀረብ ካሉት ጀምሩ። ያለዚያ የጠረጋችሁትን ጡት በክንዳችሁ መልሳችሁ ትነካላችሁ። ቱቦውን አጋድማችሁ ያዙት፣ ክዳኑን መሬት ላይ አታስቀምጡ፣ ጥቂት ሚሊ ሊትር ይበቃል። የትኛው ጡት እንደሆነ፣ የላሟን መለያና ቀኑን እዚያው ጻፉ። በኋላ እጽፈዋለሁ ያለ ሰው ሁሌም ያምታታል።

ለዶሮ፣ የተሻለው ናሙና ገና የታመመች፣ መድኃኒት ያልቀመሰች ዶሮ ናት። ከሞቱት ከሆነ አሁን የሞተችውን ውሰዱ። ሞቶ አድሮ ጠዋት የተገኘ ሬሳ ውስጥ የአንጀት ባክቴሪያ ሁሉም ቦታ ስለሚዛመት ከጉበት ኢ ኮላይ አገኘሁ ብትሉ ምንም ማለት አይደለም። ጉበት፣ ልብና ጣፊያ ውሰዱ። ሬሳው የቆየ ከሆነ የእግር አጥንት መቅኔ ይሻላል፣ ቶሎ አይበከልም። የጉበቱን ላይ በጋለ ቢላ ተኩሳችሁ፣ በተተኮሰው በኩል ሉፑን (ጫፉ ቀለበት የሆነ ሽቦ) ወይም ስዋቡን (ጫፉ ጥጥ ያለው እንጨት) ወደ ውስጥ አስገቡ። ከኩስ የተወሰደ ኢ ኮላይ ላይ ሴንሲቲቪቲ ሠርቶ ለሕክምና መጠቀም ግን ትክክል አይመስለኝም፣ ጤነኛ ዶሮም ኩሷ ውስጥ ኢ ኮላይ አላት።

ናሙናውን በረዶ ባለበት አይስ ቦክስ አድርጉና በዚያው ቀን አድርሱ። ከመንዝ ወይም ከአንኮበር የሚመጣ ናሙና ብርዱ ያግዘዋል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ብርሃን የሚደርሰው ግን በሚኒባስ ወንበር ሥር ያለ በረዶ ከመጣ ያበቃለታል።

ባክቴሪያውን ለብቻው ማውጣት

ናሙናውን በቀጥታ ከዲስክ ጋር አታገናኙት። መጀመሪያ ብለድ አጋርና ማኮንኪ በሚባሉት የአጋር ዓይነቶች ላይ ዝሩት፣ አሳድሩት፣ በማግስቱ አንዱን ዓይነት ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምር) መርጣችሁ እንደገና ለብቻው ዝሩ። ከወተት ናሙና ሦስትና ከዚያ በላይ የተለያየ ዓይነት ኮሎኒ ከወጣ ናሙናው ተበክሏል፣ ሌላ አስመጡ። ግራም ቀለም፣ ካታሌዝ፣ ኮአጉሌዝ፣ ኦክሲዴዝና ያሏችሁን የባዮኬሚካል ምርመራዎች ሠርታችሁ ስሙን እወቁ። ስም ሳይታወቅ ሴንሲቲቪቲ አይነበብም፣ ሰንጠረዡ የሚጠይቃችሁ መጀመሪያ ስሙን ነው። ክሌብሲየላ ለምሳሌ አምፒሲሊንን በተፈጥሮው ይቋቋማል፤ ቀለበት አያችሁም አላያችሁም ይሠራል ብላችሁ አትጽፉም።

አጋሩና የደብረ ብርሃን ከፍታ

አጋሩ ሙለር ሂንተን ነው። አብዛኛው ዱቄት 38 ግራም ለ1 ሊትር ይላል፣ የዕቃውን መለያ ግን እዩ። ሰዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ።

ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለው ማሽን) 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ 15 ደቂቃ መቆየት አለበት። የማሽኑ መመሪያ ግፊቱ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሲደርስ 121 ነው ይላችኋል። ያ ለባሕር ጠረፍ ነው! ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ውኃ እንኳ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ውስጡ ያለው ሙቀት 116 አካባቢ ብቻ ነው። 121 ለመድረስ ወደ 20 ፒኤስአይ ይጠጋል። ማሽናችሁ ቴርሞሜትር ካለው ጌጁን ትታችሁ ቴርሞሜትሩን እመኑ። ከሌለውና አምራቹ ያን ያህል ግፊት ካልፈቀደ ግፊቱን በጉልበት አትጨምሩ፣ ይፈነዳል። ይልቅ ጊዜውን አርዝሙና በስፖር ስትሪፕ ወይም በኬሚካል ኢንዲኬተር አረጋግጡ። ከታች ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው የሚጠቀምበት ልክ ደብረ ብርሃን ላይ አይሠራም። አጋሩ ያለምክንያት እየሻገተባችሁ ከተቸገራችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

አጋሩ 45 እስከ 50 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ቅዱ። ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ 90 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ፕሌት (አጋሩ የሚቀዳበት ክብ ሳህን) 25 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። በዓይን ግምት አትቅዱ፣ ለክታችሁ ቅዱ። ከሳሳ ቀለበቱ ያለአግባብ ይሰፋል፣ ከወፈረ ይጠባል። ጠረጴዛው ማዘንበሉን የግንበኛ ውኃ ልክ አስቀምጣችሁ እዩ፤ ካዘነበለ በአንዱ ፕሌት ላይ በአንድ በኩል የሳሳ፣ በሌላ በኩል የወፈረ አጋር ይኖራችኋል። ፒኤቹ በክፍል ሙቀት ከ7.2 እስከ 7.4 ይሁን። የበጎች ሳንባ ምች አምጪውን ፓስቱሬላ ወይም ከወተት የወጣ ስትሬፕቶኮከስ የምትሠሩ ከሆነ 5 በመቶ የበግ ደም ጨምሩበት፣ ያለሱ በወጉ አይበቅሉም።

የባክቴሪያው መጠን

በእኔ እምነት ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ከአዳር ፕሌት ላይ አንድ ዓይነት የሆኑ ሦስት እስከ አምስት ኮሎኒዎችን በሉፕ ነክታችሁ በንጹሕ ኖርማል ሳላይን በጥብጡ። ድፍርስነቱ ከ0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት ማነጻጸሪያ ፈሳሽ) ጋር እኩል መሆን አለበት፣ ይህም በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100 እስከ 200 ሚሊዮን ገደማ ባክቴሪያ ነው።

ማክፋርላንዱን መግዛት ካልቻላችሁ ራሳችሁ ሥሩት፦ 99.5 ሚሊ ሊትር 1 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ላይ 0.5 ሚሊ ሊትር 1.175 በመቶ ባሪየም ክሎራይድ እያማሰላችሁ ጨምሩ። አሲዱን ስታቀጥኑ አሲዱን ወደ ውኃው እንጂ ውኃውን ወደ አሲዱ አታፍስሱ። ባክቴሪያውን ከምትበጠብጡበት ጋር እኩል ስፋት ባለው ቱቦ አሽጋችሁ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ፣ ከመጠቀማችሁ በፊት ደግሞ በደንብ ነቅንቁት። ስፔክትሮፎቶሜትር ካላችሁ በ625 ናኖ ሜትር ንባቡ ከ0.08 እስከ 0.13 መሆኑን አረጋግጡ። ከሌላችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር መስመሮች አስምራችሁ ሁለቱን ቱቦዎች ጎን ለጎን ከፊቱ ያዙ። መስመሮቹ በሁለቱም በኩል እኩል ደብዘዝ ብለው ከታዩ ልክ ናችሁ።

ከበዛ ቀለበቱ ይጠባል፣ ጥሩውን መድኃኒት አይሠራም ትላላችሁ። ካነሰ ይሰፋል፣ የማይሠራውን ይሠራል ትላላችሁ። ሁለተኛው ይከፋል፣ ላሟ የማያድናት መድኃኒት ትወጋለች።

መቀባትና ዲስክ ማስቀመጥ

ከዚህ በኋላ ሰዓት ይቆጠራል። ከበጠበጣችሁ በ15 ደቂቃ ውስጥ ቀቡ። ስዋቡን ነክራችሁ ከቱቦው ግድግዳ ጋር እየተጫናችሁ አዙሩት፣ ትርፉ ይውጣ። አጋሩን በሙሉ ቀቡ፣ ፕሌቱን 60 ዲግሪ አዙሩ፣ እንደገና ቀቡ፣ አሁንም አዙሩና ለሦስተኛ ጊዜ ቀቡ፣ በመጨረሻ ጠርዙን ዙሩት። የእንጀራ ሊጥ ምጣድ ላይ ሲዞር ቀዳዳ እንደማይተው፣ እዚህም ያልተነካ ቦታ መተው የለበትም። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይድረቅ፣ ከ15 ደቂቃ ግን አይለፍ።

ዲስኮቹ ከፍሪጅ እንደወጡ አይከፈቱም። ካርትሪጁ ክፍሉን እስኪመስል አንድ ሁለት ሰዓት ጠብቁ፣ ያለዚያ ጤዛ ይይዛቸውና መድኃኒቱ ይበላሻል። በዲስኮቹ መካከል ከመሐል እስከ መሐል 24 ሚሊ ሜትር ይኑር፣ 90 ሚሊ ሜትር ፕሌት ላይ ከአምስት በላይ አትደርድሩ፤ አራት ቢሆን ደግሞ ንባቡ ይቀላል። በተተኮሰና በቀዘቀዘ ወረንጦ አስቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ ጫን በሉ። አንዴ አጋሩን የነካ ዲስክ አይንቀሳቀስም፣ መድኃኒቱ ወዲያው መስረግ ጀምሯል።

የትኞቹን ዲስኮች ትመርጣላችሁ? በአካባቢያችሁ መድኃኒት ቤት የሚገኙትንና ለዚያ እንስሳ የተፈቀዱትን። ቴትራሳይክሊን ኦክሲንም ይወክላል። ሱቅ ውስጥ የሌለ መድኃኒት መርምሮ ይሠራል ማለት ለአርቢው ምን ይጠቅመዋል? ኮሊስቲንን በዲስክ አትመርምሩ፣ ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ በአጋር ውስጥ በወጉ አይሰርግም፣ ውጤቱ አይታመንም።

ፕሌቱን ገልብጣችሁ በ15 ደቂቃ ውስጥ 35 ዲግሪ ላይ አስገቡ፣ ሁለት ዲግሪ ወዲህ ወዲያ ቢል ችግር የለውም። ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይቆይ፤ ስትሬፕቶኮከስ ግን 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት ከ20 እስከ 24 ሰዓት። ከአምስት በላይ ፕሌት አትደራርቡ፣ መሐል ያሉት ቶሎ አይሞቁም። የደብረ ብርሃን ሌሊት በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር አጥንት ይሰብራል፣ መብራት ከጠፋም ኢንኩቤተሩ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቀድመው የሞቁ የውኃ ጠርሙሶች ውስጡ ማስቀመጥ ሙቀቱን ትንሽ ያቆየዋል። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ግን የግድ ይኑራችሁ፣ ጠዋት ስትገቡ መብራቱ በርቶ ስላገኛችሁት ሌሊቱን ሙሉ በርቶ አድሯል ማለት አይደለም። ሙቀቱ ወርዶ ካደረ ውጤቱን ጣሉት፣ ድገሙት።

ማንበብ

መጀመሪያ ባክቴሪያው ሙሉ ምንጣፍ መስሎ መብቀሉን እዩ። ተነጣጥለው የቆሙ ኮሎኒዎች ካያችሁ መጠኑ አንሷል፣ ይደገም። ደም የሌለውን ፕሌት ገልብጣችሁ ጥቁር ነገር ላይ አድርጋችሁ፣ ከጀርባው በካሊፐር ወይም በማስመሪያ የቀለበቱን ሙሉ ስፋት ዲስኩን ጨምራችሁ ለኩ። ደም ያለውን ክዳኑን ከፍታችሁ ከላይ ለኩ። ፕሮቲየስ ቀለበቱ ውስጥ ስስ መጋረጃ መስሎ ቢገባ እሱን ተዉት። ቀለበቱ ውስጥ ጎልተው የቆሙ ኮሎኒዎች ካሉ ግን አትለፏቸው፦ ወይ ናሙናው ተቀላቅሏል ወይ ከመሐላቸው የተላመደ አለ። ለሰልፋና ትራይሜቶፕሪም ደግሞ ጠርዙ ላይ ያለችውን ስስ እድገት ቸል ብላችሁ በግልጽ የቀነሰበትን ቦታ ለኩ።

ሰፊ ቀለበት ያለው መድኃኒት የተሻለ ነው የሚለው ትልቁ ስህተት ነው። ይህን በአንድ ቁጥር ላሳያችሁ። አንድ ኢ ኮላይ ለአምፒሲሊን፣ ለቴትራሳይክሊንና ለጄንታማይሲን እኩል 15 ሚሊ ሜትር ቀለበት ሰጠ እንበል። በሲኤልኤስአይ (የላብራቶሪ መለኪያ የሚያወጣ የአሜሪካ ተቋም) የሰው ሰንጠረዥ አምፒሲሊን ይሠራል የሚባለው 17 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ 13 እና ከዚያ በታች ተላምዷል ነው፣ ስለዚህ 15 መሐል ላይ ነው። ለቴትራሳይክሊን 15 ይሠራል ነው። ለጄንታማይሲን 15 ድሮ ይሠራል ነበር፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ሰንጠረዡ ሲቀየር ግን ልኩ ወደ 18 ከፍ ስላለ ዛሬ መሐል ላይ ነው። ሦስት እኩል ቀለበት፣ ሁለት የተለያየ መልስ፣ አንዱ ደግሞ እንደ ሰንጠረዡ ዓመት የሚለወጥ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የቆየ ፎቶ ኮፒ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ዛሬውኑ እዩ። ለእንስሳት የወጣ ልክ ካለ ከሰው ሰንጠረዥ ይልቅ እሱን ተጠቀሙ፣ ከሌለ ከየት እንደወሰዳችሁ ሪፖርቱ ላይ ጻፉ። የሲኤልኤስአይንና የዩካስትን (የአውሮፓው አቻ) ሰንጠረዥ አታደባልቁ።

መቆጣጠሪያው

ኢ ኮላይ ኤቲሲሲ 25922 እና ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ኤቲሲሲ 25923 ቀለበታቸው ስንት መሆን እንዳለበት አስቀድሞ የሚታወቅ መቆጣጠሪያ ባክቴሪያዎች ናቸው። በየሳምንቱ፣ እንዲሁም አዲስ አጋር ወይም አዲስ ዲስክ በከፈታችሁ ቁጥር በዚያው መንገድ ሥሯቸው። 25922 ለጄንታማይሲን 10 ማይክሮግራም ከ19 እስከ 26፣ ለቴትራሳይክሊን 30 ማይክሮግራም ከ18 እስከ 25 ሚሊ ሜትር መስጠት አለበት። ከዚህ ከወጣ የዚያን ቀን የአርቢዎቹን ውጤት አትልቀቁ። መብራት እየጠፋ ፍሪጁ የሞቀበት የፔኒሲሊን ወገን ዲስክ ኃይሉን ያጣል፣ ያኔ ባክቴሪያው ሁሉ የተላመደ ይመስላል። ይህን የሚይዝላችሁ መቆጣጠሪያው ብቻ ነው። በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው ይህ መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል።

ለአርቢው መንገር

አርቢዋ ወረቀቱን ተቀብላ «ልጄ፣ እኔ ይሄን ቁጥር አላውቀው፣ የቱን ልግዛ?» ብትላችሁ ትክክል ናት። «እማማ፣ ኦክሲው ለዚህች ላም አይሠራም፣ ገንዘብዎን አያባክኑ። ሐኪሙ ይሄኛውን ያዝልዎታል፣ እስከ መጨረሻው ቀን ይወጋላት፣ ወተቷን ደግሞ እስከዚህ ቀን ለልጅም ለገበያም አይስጡ» በሏት። ቀኑን ከመድኃኒቱ መለያ ላይ አውጥታችሁ በጉልህ ጻፉላት። እንቁላል ለሚጥሉ ዶሮዎችም እንዲሁ፣ መለያው ለእንቁላል ጣይ ይፈቀዳል ካላለ አይሰጥ።

ሁለት መድኃኒት እኩል ከሠሩ ጥቂት የባክቴሪያ ዓይነት ብቻ የሚመታውንና የቆየውን ምረጡ፣ ለሰው ሕክምና የመጨረሻ መጠባበቂያ የሆኑትን አትንኩ። ፕሌት ላይ የሠራ ሁሉ ላም ላይ ይሠራል ብላችሁም ቃል አትግቡ። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ግት ውስጥ ከቆየ በጠባሳ ታጥሮ ስለሚደበቅ መድኃኒቱ አይደርስበትም፣ ቀለበቱ የቱንም ያህል ቢሰፋ። እንዲህ ያለችውን ላም በመጨረሻ ማለብ፣ ስትደርቅ ማከም፣ ካልሆነም ከመንጋው ማስወጣት ይሻላል።

ያነበባችኋቸውን ፕሌቶች ሳታፈሉ አትጣሉ፣ በኦቶክሌቭ ይለፉ፣ ሰዓቱም ከላይ እንዳልኩት ለከፍታው የተስተካከለ ይሁን። ሚሊ ሜትሩን ራሱን መዝግቡ፣ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» የሚለውን ብቻ አትጻፉ፣ ሰንጠረዡ ሲለወጥ የድሮውን እንደገና ማንበብ የምትችሉት ቁጥሩ ካለ ነው። ሁሉንም መድኃኒት የተቋቋመ ባክቴሪያ ካገኛችሁ ድገሙት፣ መቆጣጠሪያውን እዩ፣ አሁንም ያው ከሆነ ኮሎኒውን በ20 በመቶ ግሊሰሮል አቀዝቅዛችሁ አስቀምጡና ከሙሉ መረጃው ጋር ወደ ሰበታ ላኩት።